ከቦሌ ደማም ሦስት ሰዓት ተኩል

ከፈለኝ የሞተው በገዛ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ፣ በልብስ መተኮሻ ካውያ ተቀጥቅጦ ነው። አንዴ አይደለም የተመታው። የመጀመሪያው ምት ግንባሩን ከፍቶታል፤ ሁለተኛው መንጋጋውን አላቅቆታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የቆጠረ የለም። ደሙ በነጩ ሴራሚክ ላይ ተንሸራቶ እስከ ጋዙ ሲሊንደር ደርሶ ረግቷል። የካውያው ገመድ አሁንም ቀኝ ክንዱ ላይ እንደተጠመጠመ ነው።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ የአባያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ይህን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አዩ። አላለቀሱም፣ አላማተቡም። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ዘጠኙን የኖሩት ዐረብ አገር፣ ኾበር፣ አል ራዋቢ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ምግብ እያበሰሉ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፣ አለመቁጠራቸውንም አይደብቁም። «የቆጠሩትስ ምን አመጡ» ይላሉ።

ከጎናቸው የቆመው የደማሙ መርማሪ ሻምበል ሱልጣን ነው። በጨቅላነቱ ጀርባቸው ላይ ያደገ የዚያው ግቢ ልጅ ስለሆነ፣ በ2008 ነሐሴ በዚያ ዓርብ ራካ ሰፈር ውስጥ ሐበሾች የሚኖሩበት ቤት ሬሳ ተገኘ ሲባል፣ መጀመሪያ የደወለው ለእሳቸው ነበር።

«ማማ ዘነበ፣ የጠራሁሽ እንድታስተረጉሚልኝ ነው» አለ በዐረብኛ። «እንድትመረምሪ አይደለም።»

«ጡጦ ያስጣልኩህ እኔ ነኝ። ሥራዬን አንተ ትነግረኛለህ?»

ሱልጣን ፈገግታውን ዋጠ። «ነገሩ ያለቀ ነው። ከማዳሟ ቤት የጠፋች፣ ‹ሁሩብ›፣ ኮብላይ ተብላ የተመዘገበች ልጅ እዚህ ተደብቃ ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ደም ነክሮት ተገኘች። ካውያውም የሷ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከመግሪብ ሶላት በፊት ይመጣል። እሱ ከፈረመ ኸላስ፣ ከእጄ ወጣች። ቅጣቱን ታውቂዋለሽ።»

ያውቁታል። በዚህ አገር ነፍስ ያጠፋ የሚከፍለው በአንገቱ ነው።

«ሰውዬው መቼ ሞተ?»

«ሰው ሁሉ ጁምዓ ላይ ሳለ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም።»

ሰዓታቸውን አዩ። ቁጥሩን ባያነቡም ቆጣሪዎቹ የት እንደቆሙ ያውቃሉ። አሥር ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ልትገባ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀራትም።

ከወጥ ቤቱ ሲመለሱ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ዓይናቸው ቆመ። የብረት ትሪ አለ። ትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከአፉ ያልጎደለ፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ አንደኛው ግማሽ የተጠጣ፣ ውስጡ ማንኪያ የቀረበት።

«ይህን ማን ነካው?»

«ማንም» አለ ሱልጣን። «ሻይ ነው።»

«ሻይ መሆኑን አየሁ» አሉት።

ልጅቷ፣ አለሚቱ፣ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስረውታል፤ ደሙ ደርቆ ጥፍሯ ሥር ጠቁሯል።

«ገደልሽው?» አሏት ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ እንደ ሰላምታ።

«አልገደልኩም፣ እማማ።»

«ታዲያ ካውያሽ ምን ይሠራል ጭንቅላቱ ውስጥ?»

«አጥፍቼው፣ ሳሎን ትቼው ልብስ ላሰጣ ጣራ ወጣሁ። ስመለስ ወድቋል። ቀና ላደርገው ጭንቅላቱን ያዝኩት። አጥንቱ እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።» የታሰረ እጇን አየች። «አብሮን የሚኖረው ቦንሳ ከመስጊድ ሲመለስ እንደያዝኩት አገኘኝ።»

«ጣራ ላይ ሆነሽ የሰማሽው የለም?»

«የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። በኋለኛው መንገድ ነው፤ መኪናው አልታየኝም።»

«ለምን አልሮጥሽም?»

«የት ልሩጥ?»

«እዚህ አገር በምን መጣሽ?» አሉ ቆጣ ብለው።

«በእግር። በየመን በኩል። አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን።»

ቀጥለው የጠየቁት ቦንሳን ነው። መኪና ያጥባል፤ ወረቀት የለውም፤ የታችኛው ከንፈሩ አዲስ ተሰንጥቆ ገና አልጠገገም። ሳሎኑ ጥግ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሟችን ‹እገልሃለሁ› ብለኸዋል አሉ።»

«ብዬዋለሁ። ይኸን ከንፈር የሠራው እሱ ነው። እሱን እንዲያ ያላለ ሰው ካለ አምጡልኝ።»

«ምን ያጣላችኋል?»

«በረሃውን መርቶ ያመጣኝ እሱ ነው። በፊት ሥራው ያ ነበር፤ ኋላ ነው ወረቀቱ ተስተካክሎ፣ ኢቃማ አግኝቶ ሹፌር የሆነ።» ቦንሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የደከመ ሰው አይጠብቅም ነበር፣ እማማ። ወደ ኋላ ዞሮም አያይም።»

«ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«መስጊድ። አለቃዬ ቀኜ፣ ልጁ ግራዬ።»

«ከፈለኝ ሻይ የሚሰጥህ በምንድነው?»

ቦንሳ ያበዱ መስሎት አያቸው። «ለኔ? ከበራዱ ራሴ ቀድቼ ነው የምጠጣ። ለአለሚቱማ ጭራሽ አይሰጣትም።»

«ጠዋትስ እሱ ከማን ጋር ሲያወራ ነበር?»

«ከሞላልኝ ጋር። ሞላልኝ የዚህ ቤት ልጅ ነው፤ ለአንድ ወር ፈቃድ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ደወለ፤ ከፈለኝ ላውድ ላይ አድርጎት እኔም ሰምቻለሁ። ‹ቦሌ ነኝ፣ ልሳፈር ነው› አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ ገባ፣ እዚሁ ፖሊስ መሐል። ከኤርፖርት በራሱ መኪና ነው የመጣ።»

የሞላልኝን ስም የሰማው ሱልጣን በዐረብኛ ጣልቃ ገባ። «እሱን ተዪው፣ ማማ። ትኬቱን አይቻለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተነሥቶ ሰባት ተኩል ላይ ነው የሚያርፈው። መሐሉ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰውዬው ሲገደል እሱ ገና መንገድ ላይ፣ ሰማይ ላይ ነበር።»

«መንገዱን እኔ አጥቼው ነው? ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ አንድ ፊልም አይቶ ለመናደድ ይበቃል።»

ሞላልኝ ራሱ ከውስጥ ክፍል ወጣ። ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ፣ ጢሙን አዲስ የተላጨ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ትከሻቸውን ስሞ፣ ሳሎኑ ውስጥ ካለችው ማቀዝቀዣ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ አወጣ።

«እማማ፣ በዚህ ቀን መሆኑ ያሳዝናል። ይኸው አደራዎ። እህትዎ ከልብ ሰላም ብለዋል። ከቤታቸው ራሴ ሄጄ ነው የተቀበልኩት።»

አንድ ኪሎ ቅቤ ነው። ከአገር የሚመለስ ሁሉ የሰው ዕቃ ይጭናል፤ የራሱን ልብስ ትቶ የሰው በርበሬ ይሸከማል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ክዳኑን ከፈቱ። አሸተቱ። ጣታቸውን ሰድደው ገለጥ አደረጉ። ከላይ ጠጥሯል፤ ከሥር ቀጭን ውሃ አቁሯል። ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አልተለወጠም።

«እግዜር ይስጥህ። ደክሞሃል፣ ተቀመጥ። መስኮት ጋ አገኘህ ወይስ እንደኔ መሐል ወርውረውህ ነው የመጣኸው?»

«መስኮት ነበርኩ።»

«ታድለህ። እኔ ስንወርድ ማየት እወዳለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጥሩ አድርገው አላሳዩኝም።»

«ያው ነው፣ እማማ» አለ ሞላልኝ ግንባሩን እያሸ። «መጀመሪያ የጋዙ እሳት በረሃው ላይ ይቀላል። ከዚያ የከተማው መብራት እንደ ጨሌ ተበትኖ ይመጣል። ከዚያ ጎማው መሬት ይመታል፣ አለቀ።»

«ፓስፖርትህን ለአሠሪህ፣ ለካፊልህ ሰጠህ?»

«ቤተሰቡን ይዞ ኒስፍ አልቀመር ባሕሩ ጋ ነው። ነገ እሰጠዋለሁ።»

«ደግ» አሉና ክዳኑን መለሱ። ወደ ሱልጣን ዞረው በዐረብኛ፣ ወጥ ጨው እንዳነሰው በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ሁሉንም እዚህ አስቀምጥልኝ። ልጅቷንም አምጣት። በሩ ላይ ሁለት ወታደር አቁም» አሉት።

«ማማ ዘነበ፣ ዐቃቤ ሕጉ መንገድ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ በል።»

አለሚቱን ከግድግዳው ሥር አስቀመጧት። ቦንሳ ከጥጉ አልተነሣም። ሞላልኝ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው። ሱልጣን ቆሟል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ መሐል ወንበር ስበው ቅቤውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መጀመሪያ በአማርኛ ይናገራሉ፣ ቀጥለው ለሱልጣን በዐረብኛ ይመልሱለታል።

«ከትሪው ልጀምር» አሉ። «ውሃና ሻይ በትሪ ለቤተኛ አይቀርብም። ለቦንሳ አልቀረበም፣ ራሱ ቀድቶ ነው የሚጠጣ። ለዚህች ልጅ አልቀረበም፣ እንደ ውሻ ነው የያዛት። ውሃ ቀድሞ ሻይ የሚከተልለት ከመንገድ የገባ ሰው ነው። ከፈለኝ ክፉ ነበር፤ ግን ሐበሻ ነው፣ ወጉን ያውቃል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከመንገድ የገባ ሰው እዚህ ተቀምጦ ነበር።»

ሞላልኝ ቀና አለ። «ይሆናል። እኔ ግን ያን ጊዜ ገና አውሮፕላን ላይ ነበርኩ። ትኬቴን አይተዋል።»

«ትኬት ማለት ልሄድ ነው ማለት ነው። ሄድኩ ማለት አይደለም።»

«ከቦሌ ደውያለሁ፤ ቦንሳ ሰምቷል።»

«ቦንሳ የሰማው ድምፅህን ነው። ቦሌን አልሰማም።» የቅቤውን ክዳን ከፈቱ። «እህቴም እንደኔ ፊደል አታውቅም። ግን ደብዳቤ ትልክልኛለች። ቅቤ ስትልክ ዕቃው ውስጥ በእጇ ትጠቀጥቀውና ላዩ ላይ በጣቷ መስቀል ታበጅበታለች። እናታችን እንዲያ ነበር የምታደርግ። ዘጠኝ ጊዜ በራሴ ሻንጣ አምጥቻለሁ፤ በሰው እጅም ስንቴ መጥቶልኛል። ዳር ዳሩ ይለሰልስ ይሆናል እንጂ መስቀሉ ጠፍቶ አያውቅም። የአውሮፕላን ሆድ ብርድ ነው። ይኸው፣ ተመልከቱ።»

ዕቃውን አዘነበሉት። የቅቤው ገጽ እንደ መስታወት ለጥ ብሏል።

«መኪናዬ ኤርፖርት አንድ ወር ፀሐይ ላይ የቆመ ነው» አለ ሞላልኝ። «እሳት ነበር። እዚያ ውስጥ ቀልጦ ይሆናል።»

«ቦንሳ፣ ይህን ማቀዝቀዣ ውስጥ የከተተው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቦንሳ ቀስ ብሎ። «ሞላልኝ ሲገባ ‹ተቀበለኝ› አለኝ። እንደ ዘይት ይንቦጫቦጭ ነበር። እንዳይፈስብኝ ቀና አድርጌ ነው ላይኛው በረዶ ቤት የከተትኩት።»

«ከኤርፖርት ራካ ምን ያህል ነው?»

«ዓርብ ቀን፣ መንገዱ ባዶ ስለሆነ፣ አርባ ደቂቃ።»

«በአርባ ደቂቃ አንድ ኪሎ ቅቤ፣ ልብስ መሐል ተጠቅልሎ፣ ኤሲ በተከፈተ መኪና፣ ቀልጦ ዘይት ሆኖ አጓቱ ከሥር አይለይም። ለዚያ ግማሽ ቀን ፀሐይ ያስፈልገዋል። ይህ ቅቤ ዛሬ ጠዋት ሙሉ ደማም ውስጥ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ነበር። ቅቤው ጠዋት እዚህ ከነበረ ባለሻንጣውም እዚህ ነበር።»

ሞላልኝ ቁልቁል የራሱን መዳፍ ያያል።

«መስኮቱን ደግሞ አንተው ነገርከኝ» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። «በቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ያረፈ ሰው የሚያየው አሸዋና አቧራ ነው። የከተማ መብራት እንደ ጨሌ ተበትኖ የሚታየው ለማን ነው? ከመሸ ለወረደ ነው። ደክሞህ ነበር፤ እውነቱ አመለጠህ።» ወደ ሱልጣን ዞሩ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተ ግን መንግሥት ያስተማረህ ነህ። ፓስፖርቱ ላይ የመግቢያውን ማኅተም አንብብልኝ። መኪናውንም አስፈትሽ።»

ሞላልኝ ፓስፖርቱን ከኋላ ኪሱ ራሱ አውጥቶ ሰጠ። ሱልጣን ገጹን አገላበጠ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

«ሐሙስ» አለ። «ትናንት ነው የገባው።»

አንዱ ወታደር መኪናውን ፈትሾ ተመለሰ። በእጁ የያዘው የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ደም ያጠነከረው ሸሚዝ ነበር።

«በረራውን አንድ ቀን አስቀደምኩት» አለ ሞላልኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ሸክም አውርዶ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። «ባሕሩ ዳር መኪናው ውስጥ አደርኩ። ከዚያው ደወልኩለት።»

«ስለዚህ ልትገድል ነው የመጣኸው። ተናደህ አይደለም።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን?»

«መታሰቢያ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በየመን መንገድ የመራት እሱ ነው። ‹ጣኢፍ ገብታለች፣ ማዳሟ ስልክ አታስይዛትም› ይለኝ ነበር። ሦስት ዓመት አንድ ሳህን ላይ በላን። አሁን አገር ስገባ ዘሐራ የምትባል ከየመን የተመለሰች ልጅ እናቴን ፈልጋ መጣች። የመታሰቢያን ማተብ ይዛ።» ትንፋሹን ሳበ። «እግሯ ተሰብሮ ነበር። ጫማዋን አውልቆ ለሌላ ሰጠው። ‹ላንቺ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል› ብሏት ሄደ። ስምንት ወር ተንከራታ እዚህ አልደረሰችም። እኔ ፊልም እያየሁ በሦስት ሰዓት ተኩል ደረስኩ።»

ቦንሳ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ጠየቅኩት» አለ ሞላልኝ። «‹መንገድ ነው፣ ምን ላድርግ› አለኝና ስኳሩን አማሰለ። አማስሎ ሳይጨርስ ካውያውን አንሥቼ መታሁት። ወደ ወጥ ቤት ሸሸ፤ ተከተልኩት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ የቅቤውን ክዳን ገጠሙ፤ አልገጥም ሲላቸው በመዳፋቸው መቱት።

«ሰው ገድለህ የኔን ቅቤ አልጣልከውም» አሉ በመጨረሻ።

«የሰው አደራ ነው። እንዴት እጥለዋለሁ?»

«ይችስ?» በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ሥር፣ ወደ አለሚቱ አመለከቱ። «እሷስ የሰው አደራ አይደለችም? እሷም ታላቅ ወንድም ይኖራታል። እሷም በዚያው በረሃ ነው የመጣችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትገባ እጇ ደም እንደነካው ታስራ አየሃት። ቅቤዬን ማቀዝቀዣ አስከትተህ ተቀመጥክ። ከፈለኝ እህትህን መንገድ ላይ ጥሎ ሄደ። አንተ ዛሬ ማንን ጥለህ ልትሄድ ነበር?»

ሞላልኝ ሁለቱን እጆቹን አገጣጥሞ ወደ ወታደሩ ዘረጋ፤ ሲያስሩትም፣ ሲያስወጡትም ዓይኑን ከአለሚቱ ላይ ማንሳት አቃተው። እሷ አላየችውም።

ሱልጣን የአለሚቱን ማሰሪያ በቢላ ቆረጠው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሞግዚቱ ዞረ። «ከነፍሱ ነገር ነጻ ናት። ግን ወረቀት የላትም፣ ማማ። ልለቃት አልችልም። መባረሯ አይቀርም።»

«ልቀቃት መች አልኩህ? ኹሩጅ፣ የመውጫ ወረቀት፣ አውጣላትና በአውሮፕላን አገሯ ትግባ። እስከዚያ እስር ቤት አታድርም። ወጥ ቤት አጋዥ እፈልጋለሁ፤ ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ።»

«ሕጉ እንዲህ አይልም።»

«አንተም አራት ዓመት እስኪሞላህ ድረስ አልጋህ ላይ ትሸና ነበር። ለወታደሮችህ ልንገራቸው?»

ሱልጣን ኮፍያውን አስተካከለ። «እስከ እሑድ» አለ። «ቅቤው ግን ማስረጃ ነው። እዚህ ይቀራል።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ዕቃውን አንዴ አቀፉት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ ትሪው አጠገብ አስቀመጡት። «እህቴ በስንት ልፋት የላከችውን» አሉ ለራሳቸው።

ደረጃውን ሲወርዱ አለሚቱ ክንዳቸውን ያዘች። እጇ አሁንም በደረቀ ደም ይሻክራል። ውጭ ፀሐይዋ ቀልታ ሕንፃዎቹ ጫፍ ላይ ደርሳለች።

«እማማ፣ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው ያሉት?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

አለሚቱ ደረጃው ላይ ቆመች። የተሰነጠቀ ተረከዟን፣ የሰው ነጠላ ጫማዋን ቁልቁል አየች።

«ብቻ?» አለች።

«ብቻ» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ እጇን አጥብቀው ይዘው።